የአሰቡ አራስ ቤት

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ ክልል፣ ወደ ቆላው አገር፣ ልትዛወር ነው ሲሉኝ ልሰናበታት ቤታቸው ገባሁ። ልጅቷ ወንበር አቀረበችልኝና «አባባ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ ሙቀት አገር ኖረዋል አሉ፤ ሰው አገር ከመለወጡ በፊት ምን ማወቅ አለበት?» አለችኝ። ሽማግሌ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ዝም አይልም። ቤት ከመከራየትሽ በፊት መስኮቱ ወደየት እንደሚከፈት እዪ፣ ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ፣ በገባሽበት ወር አትታለዪ፣ እያልኩ ስቀጥል እናቷ ከቁም ሣጥን አዲስ ጋቢ አውጥታ ከሻንጣው ላይ ዘረጋችው። የብል መድኃኒቱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። «ሌሊት እንዳይበርዳት» አለች እናትየው። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ አላስታውስም። ልጅቷ ወሬዬን እስክጨርስ ብትጠብቅም፣ እኔ ያ ሽታ ይዞኝ ሄዶ አሰብ ጥሎኝ ነበር።

አሰብ የወረድኩት ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ ነው። ታላቅ እኅቴ አስካለ መምህር ጥላሁንን ካገባች ብዙ አልቆየችም፤ እሱ አሰብ ለማስተማር ሲመደብ ባሏን ተከትላ መሄዷ ግድ ሆነ። እኔ ግን የተከተልኳቸው ባሕር ለማየት ነው። የቄስ ትምህርት ጀምሬ የተውኩ፣ ግጥም የሚባለውን ነገር ከአዝማሪና ከልቅሶ ቤት አልቃሾች የለቃቀምኩ፣ ራሴን በራሴ ባለቅኔ ብዬ የሾምኩ ሰው ነበርኩ። የተወለድኩባት ደሴ ጠባኝ ነበር። እናቴ ስትሸኘን ካቦርቴን እስከ አንገቴ ቆልፋ፣ ለአስካለ ደግሞ ወፍራም የብርድ ልብስ፣ ኮቦርታ፣ አሸክማ ነው የሰደደችን። አስካለና ጋሼ ጥላሁን የካሚዮኑ ጋቢና ገቡ፤ እኔ ከጫነው የበርበሬ ጆንያ ላይ ወጣሁ። ባቲን አልፈን፣ ሚሌን አልፈን፣ ድንጋዩ ጥቁር፣ ሰማዩ ነጭ ወደሆነበት አገር ስንገባ ካቦርቱን አወለቅሁት። እስከ ዛሬም ደግሜ የለበስኩት አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ዘመነ ፌዴሬሽን ነበርና ንጉሡ አንድ፣ ባንዲራው ግን ሁለት ነበር። ከድንበሩ ኬላ፣ ቡሬ ላይ፣ ያስቆመን ፖሊስ ባርኔጣው ከኛዎቹ ይለያል፤ በትግርኛ ጠየቀ፣ ጋሼ ጥላሁን በአማርኛ መለሰ፣ ተግባቡ። ፖሊሱ የጋሼን ወረቀት አገላብጦ ከመለሰለት በኋላ እኅቴን በመስኮቱ አየና፣ ክረምቱንም እዚሁ ትቆያለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ አዎ አለ። ፖሊሱ ራሱን ነቅንቆ ሰንሰለቱን አወረደልን። እኛ ሳቅን። ክረምት ማለት ለእኛ ጭቃና ጉም፣ እሳት ዳር መቀመጥ ነበር፤ ባሕር ዳር ያለ ክረምት ምን ያስፈራል?

ደግሞም አሰብ ያታለለችን የገባንበት ወር ኅዳር ስለሆነ ነው። በኅዳር አሰብ የሙሽራ ቤት ትመስላለች። ጠዋት ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ሸሚዝ ያርገበግባል፤ ጀልባዎች ከዒድና ከጥዖ የባሕር መንደሮች ደረቅ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፤ ተሸካሚዎቹ ጆንያ ሲያነሱ አንዱ የጀመረውን ዜማ ሌላው እየተቀበለ ወደቡ ሁሉ ይዘፍናል። ከኤደን በኩል የሚመጣው ሽርጥ፣ ቀዩ በሰማያዊ የተጠላለፈው፣ ደሴ ላይ አንድ መሐረብ በማይገዛ ገንዘብ ይገኝ ነበር። የሽቶ ጠርሙስ፣ የቆርቆሮ ብስኩት፣ ደሴ ስሙን እንኳ ያልሰማችው ባለ ባትሪ ሬዲዮ። ዓሣ ርካሽ፣ ውሃ ውድ። ውሃ በጣሳ ይሸጣል፤ ደግሞ ጨው ጨው ይላል። መጀመሪያ ሰሞን የገጠምኩትን ዛሬም አልረሳሁትም፦

ሰማይ የሚያህል ውሃ ተኝቶ በደጄ፣
ጥርኝ የምጠጣው ጠፋ ከእጄ።

ይህን ያነበብኩለት ለሐጂ ይመር ነው። ሐጂ ይመር የወረባቦ ሰው፣ ከአገሩ ከወጣ ወዲህ ጢሙ የሸበተ ነጋዴ ነበር፤ አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር ከነበረው ሱቁ ጨርቅ እየለካሁ እንድሸጥለት ቀጥሮኝ ነበር። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አዳመጠኝና «ግጥሙስ ይሁን፤ አሁን ሂድና ማድጋውን ሙላ» አለኝ። አዲስ የመጣ ደገኛ ሁሉ ሱቁ ሳይደርስ አያልፍም ነበርና ሐጂ ምክሩን በነፃ ያድላል። በርህን ወደ ባሕር፣ አልጋህን ወደ ደጅ። ሱፍህን ሽጠው፣ ሽርጥ ግዛ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሚስት ያለህ እንደሆነ፣ ግንቦት ሳይጋመስ ወደ ደጋ ስደዳት።

ይህ የመጨረሻው ምክር የሐጂ ብቻ አልነበረም፤ የከተማው ልማድ ነበር። ግንቦት ሲገባ ካሚዮኖች ወደ ደሴ የሚመለሱት ሴትና ሕፃን ጭነው ነው። የጉምሩክ ሹሙ ሚስት፣ የፖስታ ቤቱ ሰው ሚስት፣ የኬላው ሹም ልጆች፣ ሁሉም ጓዛቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። ባሎች መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ከዚያም በቁምጣና በካናቴራ ዕቁብ እንደበላ ሰው እየሳቁ ወደ ቡና ቤት ይገባሉ። የአንድ ሳምንት ሳቅ ነው። ቀጥሎ ከተማው ጭር ይላል። የልጅ ለቅሶ የማይሰማበት ሰፈር እንዴት እንደሚከብድ ያየሁት ያኔ ነው፤ በየደጁ ባዶ የገመድ አልጋ፣ በየግድግዳው ጥላ የሚያሳድድ ወንድ። ነፋሱም ቆመ። ቆሞ ሲያበቃ ደግሞ ከበረሃው በኩል ሌላ ዓይነት ነፋስ መጣ፣ የምድጃ አፍ እንደከፈቱበት ያለ።

አስካለ አልወጣችም። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯም ገብቷል። ጋሼ ጥላሁን ካሚዮኑ መንገድ ላይ ያስወልዳታል ብሎ ፈራ፤ በዚያ ሰሞን አንዲት ሴት ዶቢ ሜዳ ላይ፣ ከመኪና ጥላ ሥር፣ ወልዳ እንደሞተች ተወርቶ ነበርና አልፈረድኩበትም። ስለዚህ ልጅቱ ወደ እናቷ መውጣቷ ቀርቶ እናቷ ወደ ልጅቱ ትውረድ ተባለ።

እማዬ የመጣችው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ጥቁር ጥልፍ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ መቀነት ታጥቃ፣ ከላይ ጋቢ ደርባ ከካሚዮኑ ስትወርድ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አያት። ቅቤ በቅል፣ የገብስ ዱቄት በአቁማዳ፣ ሦስት አዳዲስ ጋቢ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ቅቤው ቀልጦ ቅሉን አርሶት ነበር። ጉንጬን ስማኝ፣ ራቁት እግሬን አየችና «ምነው ልጄ፣ ልብስህን ማን ገፈፈህ?» አለችኝ። ሙቀቱን የአየር ነገር አላደረገችውም፤ የበሽታ ነገር አደረገችው። ይህ አገር ንዳድ ይዞታል አለች፤ ንዳድ የያዘው ሰው ደግሞ ተሸፍኖ ያልበዋል እንጂ አይገለጥም።

አስካለ በደኅና ተገላገለች። ልጁ ወንድ ሆነ፤ ጎረቤት ያሉት ጥቂት ሴቶች እልል አሉ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ተባለ። ያዋለዳት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ወንድ ስለነበረ እማዬ መላ ፊቷን ተሸፍና ነው ያነጋገረችው። መስኮቱን ክፈቱ፣ ልጁን አትጠቅልሉት፣ ለእናትየው ውሃ ስጧት ብሎ ሲያዝ እሺ እሺ አለች። ድሬሰሩ ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ አይታ በሩን ዘጋች።

ያ ቤት ጣሊያን የሠራው፣ መስኮቱ የእንጨት ርብራብ የሆነ፣ ሲዘጋም እንኳ በሽንቁሩ ነፋስ እንዲያስገባ ተደርጎ የተሠራ ቤት ነበር። እማዬ አሮጌ ነጠላ ቀደደች። እየጠቀለለች፣ በማንኪያ ጫፍ እየጠቀጠቀች፣ ሽንቁሩን አንድ በአንድ ደፈነችው። በላዩ ላይ ኮቦርታውን ሰቀለች። ክፍሉ ጨለመ። ለአራስ ብርሃንም ነፋስም፣ የሰው ዐይንም ደግ አይደለም፤ ደሴ ላይ ወልዶ የሳመ ሁሉ ያሳደገው እንዲህ ነው። እኔም፣ አስካለም እንዲሁ አደግን።

የጎረቤታችን የዓሣ አጥማጁ ሚስት ሐሊማ ዓሣ ይዛ ልትጠይቅ መጣች። በሩ ገርበብ ሲልላት ጨለማውን አይታ አፏን ያዘች፤ ዓፋርኛውን ከአማርኛ ቀላቅላ፣ ነፋስ ስጧቸው፣ ነፋስ፣ እያለች መስኮቱን በእጇ አሳየች። እማዬ በደንብ ገባት። ዓሣውን አመስግና ተቀበለችና «ነፋስ ለጀልባ ነው የኔ እመቤት፤ አራስ ሸራ የላትም» አለቻት። አራስ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ሳቁ። ሐሊማ አልሳቀችም፤ ደጁ ላይ ትንሽ ቆማ ሄደች።

ጋሼ ጥላሁን ትምህርት የነካው፣ ከዳሬክተሩ ጋር እንኳ በድፍረት የሚከራከር ሰው ነው። አማቱ ፊት ግን አንገቱን ደፍቶ ከሚቆም በቀር አያውቅም። አንድ ቀን ጎሮሮውን ጠራርጎ፣ እማማ፣ ሙቀቱ ለሕፃኑ አይከብደውም ይሆን አላት። «ልጄ ጥላሁን፣ አንተ ፊደል ቁጠር፤ አራሱን ለኔ ተወኝ» አለችው። እርስዎ እንዳሉ ብሎ ወጣ። ደጅ ላይ ሲያገኘኝ ዐይኔን ማየት አልቻለም፤ ከኮሌታው እስከ ቀበቶው ረጥቦ ነበር፣ እሱ የገባው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ልጇ ነኝና ደፈርኳት። ልጁ አያለቅስም እኮ፣ ሲወለድ ያለቅስ ነበር፣ አስካለም አነጋገሯ ሰልሏል፣ እባክሽ አንዱን መስኮት ብቻ አልኳት። በጨለማው ውስጥ የማያት የዐይኗን ነጭ ብቻ ነው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ከአስካለ በፊት ሌላ ነበረኝ» አለችኝ። «ወንድ ነው። የሐምሌ ሥላሴ ዋዜማ፣ ጎረቤት እሳት ልትጭር ገብታ በሩን ሳትዘጋው ሄደች። እኔ ተኝቼ ነበር። ስነቃ በሩ እንደተበረገደ ጉሙ ቤት ውስጥ ገብቷል። ልጁ ሳለ፣ ሳለ፣ አለቀ። አንተ ስለ ሙቀት ትነግረኛለህ፤ እኔ በሙቀት የሞተ ልጅ አላየሁም።»

ይህን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወጣሁ። አስካለ ከአልጋው ላይ ሁሉንም ሰምታለች፤ ከዚያ ወዲህ ይከፈት ብላ አልጠየቀችም።

ስለዚህ ሁላችንም ዐይናችን አራሷና ልጁ ላይ ሆነ። ሐጂ ይመር ጠዋት ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ልጁ ጠባ ወይ ብሎ ነው። ጋሼ ከትምህርት ቤት በሮጠ ቁጥር በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የልጁን ትንፋሽ ያዳምጣል። ከበረዶ ፋብሪካው ቁራጭ በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣል፤ እማዬ ቀልጦ ለብ ሲል ጠብቃ ለአስካለ ታጠጣታለች። እሷ ራሷ አትጠጣም። ሰኔ የሐዋርያት ጾም ነው፤ እናቴ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማትቀምስ ሰው ነበረች፣ ደሴም ይሁን አሰብ። በሩን ከውስጥ ቀርቅራ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ያ ጉም ዳግመኛ እንዳይገባ። ሙሉ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ መቀነቷን እንደታጠቀች።

አንድ ረፋድ ላይ የአስካለን ምሳ ላቀብል ሄጄ እማዬ በሩን ስትከፍትልኝ እጇ እጄን ነካኝ። የፀሐይ ድንጋይ ይመስል ነበር። ደግሞ ጋቢዋን ደርባለች። ምነው ብላት፣ ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ይህ የናንተ አገር ጠባዩ አይታወቅም አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። እኔም ሱቅ ተመልሼ ለሐጂ ይመር እንደ ቀልድ አወራሁለት፤ ከአሰብ ሰው ሁሉ በሰኔ ብርድ የሚላት እናቴ ብቻ ናት አልኩት።

ሐጂ ጨርቅ እየቀደደ ነበር። መቀሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ያልባታል?»

አሰብኩ። ፊቷን፣ አንገቷን፣ የነካኝን እጅ አሰብኩ። ሁላችንም ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ወንፊት በምናፈስበት ከተማ የእናቴ ግንባር ደረቅ ነበር።

«አያልባትም» አልኩት።

«ያ ረቢ» አለና ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ተነሣ። ሱቁ ክፍት እንደሆነ ነው የወጣነው። በአሸዋው ላይ እንዲያ ያለ ሽማግሌ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ጥላሁንን ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አገኘነውና ተከተለን።

በሩን አንኳኳሁ። እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ አልኩ። ደግሜ አንኳኳሁ። ከውስጥ የአስካለ ድምፅ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ እማዬ ከራሷ ጋር ታወራለች፣ ሰው ትጠራለች፣ ልነሣ አቃተኝ አለ። በሩን ገፋነው፤ መቀርቀሪያው ብቻ ሳይሆን እናቴ ራሷ ከኋላው ነበረች። ያኔ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ጎረቤት የምትቆጣ ይመስላል፣ ግን በጣም ሩቅ ካለች ጎረቤት ጋር። «ዝጊው» አለች። «ዝጊው እንጂ፣ ልጁን እኮ በረደው።»

ጋሼ ጥላሁን ዞሮ ወደ መስኮቱ ሄደ። ድንጋይ አነሣ። አንዴ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ፣ የሚፈቅድለት ሰው እንደሚፈልግ። ከዚያ ርብራቡን መታው። እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ የተጠቀጠቀው ጨርቅ እየተንጠለጠለ ወጣ፣ ኮቦርታው ወደቀ። የከረመው አየር ወደ ውጭ ሲወጣ ፊቴን መታኝ፤ ቅቤ፣ ላብ፣ ወተት፣ የብል መድኃኒት። በመስኮቱ ገብተን በሩን ስንከፍት እማዬ በጎኗ ተጋደመች። አስካለንና ልጁን ሐሊማ ደጅ፣ ከገመድ አልጋዋ ላይ፣ ወሰደቻቸው። ልጁ ራቁቱን ነፋስ ሲነካው እጆቹን ዘርግቶ ጮኸ። ያን ያህል ቀን ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ።

እናቴን ውሃ አፈሰስንባት፣ ሐጂ በረዶ አስመጣ፣ ድሬሰሩም መጣ። መቀነቷን የፈታሁት እኔ ነኝ። ቀትር አልፎ፣ ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት ሳይደርስ አረፈች።

አሰብ ላይ ሬሳ አይውልም አያድርም፤ በዕለቱ ቀበርናት። አሸዋው ከየጎኑ እየተናደ ጉድጓዱ አልጠልቅ ብሎ ነበር። በነጋታው አስካለንና ልጁን ሐጂ ይመር ሸራ በተዘረጋለት ካሚዮን፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የሚነሣ መርጦ፣ ባቲ ካሉ ዘመዶቹ ቤት ሰደዳቸው፤ ሁለቱም ዳኑ። ልጁ አድጎ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። እኔ ግን ከነሱ ተለይቼ ደሴ ወጣሁ፣ መርዶ ለማርዳት። ከካሚዮኑ ላይ ሆኜ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ባለቅኔ ነኝ ብያለሁ፤ ቃል አያጥረኝም፣ ሙቀቱን አስረዳቸዋለሁ፣ የደረቀውን ግንባር፣ የተደፈነውን ሽንቁር።

ደሴ ስደርስ ሐምሌ ነው። ጦሳ በጉም ተሸፍኗል፤ ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል። ሽማግሌዎቹ በጠዋት ተሰብስበው ለአክስቴ ለእትዬ ወርቅነሽ አረዷት፤ ስታለቅስ ዋለች። ለቅሶው ጋብ ሲል እሳት ዳር አስቀመጠችኝ። የነበረኝ አንድ ሸሚዝ በስብሶ ከገላዬ ተጣብቋል፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እንዴት እንደሞተች ንገረኝ አለችኝና ያዘጋጀሁትን ሁሉ ነገርኳት። በሰኔ፣ በሙቀት የሞተች ሰው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት፤ ከደጅ የዝናቡ ድምፅ ይበልጠዋል። እሳት ዳር የተኮራመቱት ለቅሶኞች እርስ በርስ ተያዩ።

እትዬ ወርቅነሽ እስክጨርስ ታገሠችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መስኮቱን ከመክፈታችሁ በፊት በሕይወት ነበረች?»

ነበረች አልኳት።

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። ለቅሶኞቹም ነቀነቁ። ከዚያ ተነሥታ ከኋላዬ ያለውን መስኮት ገጠመችው፣ ጋቢዋንም ከላይዋ ገፍፋ ጀርባዬ ላይ ጣለችው። ነፋሱ አይደለም ልላት ነበር። ጋቢው ከገላዋ የተነሣ ሙቀት ነበረው፤ ሳብ አድርጌ እስከ አንገቴ ተከናነብኩት።